የኮሪያ ዘማች ቤተሰቦች ተደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች፦ ታሪኩ፣ ሜዳዩ፣ ፎቶው፣ ሰነዱ

ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ (ኢትዮጵያ ለኮሪያ ጦርነት በየተራ የላከቻቸው ሻለቆች መጠሪያ ነው) አባላት ዛሬ በሕይወት ያሉት ጥቂቶች ናቸው፤ ያሉትም አብዛኞቹ ዘጠናን አልፈዋል። ልጆችና የልጅ ልጆች ሣጥን ሲከፍቱ ሜዳይ፣ የደበዘዘ ፎቶ፣ አንዳንዴም የተቀዳደደ ወረቀት ያገኛሉ፤ ከዚያ ጥያቄው ይከተላል። የአበባ ጉንጉን ማኖር የሚመሰገን ነው። እኛ ግን ቅድሚያ የምንሰጠው የዘማቹ ሙሉ ስም፣ ማዕረጉና የዘመተበት ሻለቃ ሳይሳሳት እንዲመዘገብ ነው፤ ሌላው ሁሉ በዚህ ላይ ይቆማል። «እ.ኤ.አ.» ካላልን በቀር ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

አያታችን ኮሪያ እንደዘመተ እናውቃለን። በየትኛው ቃኘው እንደነበር ግን አናውቅም። ከየት እንጀምር?

ከአዛዡ ስም። ዘማች ዓመተ ምሕረቱን ቢረሳ አዛዡን አይረሳም፤ ለቤተሰቡም ደጋግሞ ያነሣው የአዛዡን ስም ነው። አንደኛ ቃኘውን ሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ፣ ሁለተኛውን ሌተና ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ፣ ሦስተኛውን ሌተና ኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሽታ መርተዋል። ኮሎኔል ከበደ ገብሬ (በኋላ ጄኔራል) የዘመቻው ጠቅላላ አዛዥ ስለነበሩ የእሳቸው ስም ብቻውን ሻለቃውን አይለይም።

ሁለተኛው ፍንጭ የውጊያው ስፍራ ነው። አንደኛ ቃኘው በሚያዝያ 1943 በባቡር ጅቡቲ ወርዶ በመርከብ ተጓዘና በወሩ መጨረሻ ፑሳን ደረሰ። «ኮረብታ 602» የሚል ወሬ በቤት ውስጥ ከቀረ፣ ያ በ1943 ማብቂያና በ1944 መግቢያ የሆነ የአንደኛው ቃኘው ውጊያ ነው። «ትሪያንግል» ከተባለ ወደ 1945 መጀመሪያና ወደ ሁለተኛው ቃኘው ያመለክታል። «ዮክ» እና «አንክል» የተባሉት ምሽጎች በግንቦት 1945 ሦስተኛው ቃኘው የተከላከላቸው፣ ከፖርክ ቾፕ ኮረብታ አካባቢ ያሉ ናቸው። ሽማግሌዎች እነዚህን ስሞች እንደየጆሯቸው ይጠሯቸዋል፤ የሰማችሁትን ሳታርሙ እንዳለ ጻፉት፤ ማመሳከሩ በኋላ ይደርሳል።

ተኩስ አቁሙ የተፈረመው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ነው። ከዚያም በኋላ ኢትዮጵያ ወታደር መላኳን ቀጥላለች። ስለዚህ «አያቴ ኮሪያ ነበር፤ ጥይት ግን አልተተኮሰም» የሚል ቃል ውሸት ነው ብላችሁ አትጣሉት፤ ዘግይቶ የሄደ ሊሆን ይችላል።

ለምንድነው ብዙ ቤተሰብ ዘንድ አንድም ወረቀት የሌለው?

ዋነኞቹ ምክንያቶች ሁለት ናቸው። ቃኘው የተመለመለው ከክብር ዘበኛ ነበር። በታኅሣሥ 1953 የክብር ዘበኛ አዛዥ የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የመሩት የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ከከሸፈ በኋላ፣ ከክብር ዘበኛ ብዙው ታስሯል፣ ተበትኗል፣ ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሯል። ቀጥሎ ደርግ መጣ። ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅነት በጠነከረበት በዚያ ዘመን፣ ኮሚኒስቶችን ለመውጋት በንጉሠ ነገሥቱ የተላከ ወታደር መሆን የሚያኮራ ነገር አልነበረም። ሜዳዩን የቀበረ፣ ፎቶውን ያቃጠለ፣ ከአልበም ውስጥ የራሱን ምስል ቆርጦ ያወጣ አለ። ስለዚህ ወረቀት አለመኖሩ ብቻውን ሰውየው አልዘመተም ለማለት አይበቃም።

ስሙን በውጭ አገር መዝገብ ስንፈልግ አናገኘውም። ምን እያጠፋን ነው?

ብዙውን ጊዜ ስሙ አለ፤ የተጻፈበት መንገድ ነው የሚሰውረው።

አሜሪካኖቹ የእኛን የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ቆጥረው ፊት ያመጡታል፤ አንዳንዱ ጸሐፊ ደግሞ እንዳለ ይተወዋል። ስለዚህ ፍለጋውን አንዴ በራሱ ስም፣ አንዴ በአባቱ ስም አድርጉ። «ወልደ»፣ «ገብረ»፣ «ኃይለ»፣ «ተክለ» ያለበት ስም አንዳንዴ ተያይዞ፣ አንዳንዴ ለሁለት ተከፍሎ ይጻፋል፤ ለሁለት ሲከፈል «ገብረ» ስም፣ «ማርያም» የአባት ስም ሆኖ ይቀመጣል። «ወልደ»ን ዋልደ፣ ዎልደ፣ ወልዴ ተብሎ እንደሚነበብ አድርጋችሁ ሞክሩ። «ቀ» በኬ ወይም በኪው፣ «ጸ» በቲ-ኤስ፣ በቲ-ዜድ ወይም በኤስ ብቻ፣ «ጨ» በሲ-ኤች ይመጣል። ማዕረግም ከስም ጋር ተጣብቆ ይገኛል፤ «ሻምበል» የሰው ስም መስሎት የመዘገበ ጸሐፊ አለ።

ቃኘው የተመደበው በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር፣ ከ32ኛው ሬጅመንት ጋር ነበር። ስለዚህ «ኢትዮጵያ» ብላችሁ ብቻ አትፈልጉ፤ የሬጅመንቱንና የክፍለ ጦሩን የወር ሪፖርት ፈልጉ። እነዚህ ሪፖርቶች ያሉት በሜሪላንድ ኮሌጅ ፓርክ በሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ የመዝገብ ቡድን 407 ውስጥ ነው። የጦሩ ፎቶ አንሺዎች ያነሷቸው ሥዕሎች በቡድን 111 ተቀምጠዋል። ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖሩ በአካል ሄዳችሁ የአንባቢ መታወቂያ አውጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ፤ ስልካችሁን ይዛችሁ ገብታችሁ ያለ ፍላሽ ፎቶ ማንሳት ይፈቀዳል። በአዲስ አበባ ደግሞ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ በወመዘክር፣ የ1943–1946 የአዲስ ዘመን ቅጾችን ማገላበጥ የሚደክም ግን የሚያዋጣ ሥራ ነው።

ቀኖቹ አይገጥሙም። አባታችን «በ1943» ይላል፣ የውጭው መዝገብ 1951 ይላል።

ሁለቱም ልክ ናቸው። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆች ዓመት መጨረሻ (ታኅሣሥ 22 ገደማ) 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ይጨመራል። ጥቅምት 1945 እ.ኤ.አ. 1952 ሲሆን፣ ግንቦት 1945 እ.ኤ.አ. 1953 ነው። ሁልጊዜ 8 የሚደምር ሰው የሁለተኛውን ቃኘው ውጊያ ወደ ሦስተኛው ያዛውረዋል። ይህን ስሕተት በመቃብር ድንጋይ ላይ ሳይቀር እናያለን።

ሰዓቱም ያሳስታል። ሽማግሌው «ከሌሊቱ አምስት ሰዓት» ካሉ በአሜሪካ ሪፖርት 23:00 ተብሎ ነው የሚገኘው። ስታመሳክሩ የሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፉ፤ አንዱን ሰርዛችሁ በሌላው አትተኩ።

የሞቱትና የቆሰሉት ስንት ናቸው? አስከሬናቸውስ የት ነው?

የሞቱት በአንዳንዱ መዝገብ 121፣ በሌላው 122 ተብለው ይጠቀሳሉ፤ የቆሰሉት 536 ናቸው። የተማረከ የለም። በፑሳን በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የመታሰቢያ መቃብር የኢትዮጵያውያን መቃብር አታገኙም፤ አስከሬኖቹ ወደ አገር ተመልሰዋል። እዚያው ግቢ ባለው የመታሰቢያ ግድግዳ ላይ ግን ስማቸው በአገር በአገር ተለይቶ ተቀርጿል። ከመሄዳችሁ በፊት ስሙ በላቲን ፊደል በየትኛው አጻጻፍ እንደተቀረጸ እወቁ፤ ድንጋዩ ፊት ቆሞ መፈለግ ልብ ይሰብራል።

ሣጥን ውስጥ ያገኘነው ሜዳይ ምንድነው?

ብዙ ጊዜ የሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳይ ነው። ከነሐስ የተሠራ ክብ ነው፤ ስፋቱ 36 ሚሊሜትር ገደማ። ፊቱ ላይ የድርጅቱ አርማ (ዓለምና የወይራ ዝንጣፊ) አለ፤ ሪባኑ ሰማያዊና ነጭ እየተፈራረቁ 17 ቀጫጭን መስመሮች አሉት። ሜዳዩ ለየአገሩ በየቋንቋው ነው የተሠራው፤ አማርኛም አንዱ ነበር፤ ከሪባኑ ሥር ባለው ጠፍጣፋ ብረት ላይ የኮሪያ ስም በእኛው ፊደል ተቀርጿል። የተሰጠው ከሰኔ 20 ቀን 1942 እስከ ሐምሌ 20 ቀን 1946 ባለው ጊዜ ላገለገሉ ነው፤ ስለዚህ ከተኩስ አቁሙ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ የደረሱም አላቸው።

የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያለው ካገኛችሁ ወዲያው ሐሰተኛ ነው አትበሉ። ከሌላ አገር ወታደር ጋር ተለዋውጦት፣ ወይም የራሱ ጠፍቶበት ኋላ ከገበያ ገዝቶት ሊሆን ይችላል። በመዝገባችሁ ላይ «የእንግሊዝኛ ቅጂ» ብላችሁ ጻፉ። «የሰላም አምባሳደር» የሚለው ሜዳይ ግን የጦርነቱ ዘመን አይደለም፤ የደቡብ ኮሪያ መንግሥት ለቀድሞ ዘማቾች ከብዙ ዓመት በኋላ ምስጋናውን ለመግለጽ የሰጠው ነው። የአሜሪካ ሲልቨር ስታር ወይም ብሮንዝ ስታር ያገኙ ኢትዮጵያውያንም አሉ፤ እነዚህ ኮከብ ቅርጽ ስላላቸው በቀላሉ ይለያሉ፤ አብሯቸው የምስጋና ጽሑፍ ይሰጣልና እሱን አጥብቃችሁ ፈልጉ። ጽሑፉ ቀኑን፣ ቦታውንና የሠራውን ጀብዱ ይዟል፤ ከብረቱ ይልቅ እሱ ይበልጥብናል።

ሜዳዩ ጠቁሯል። እናጽዳው?

አታጽዱት። አመድ፣ ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ብራሶ ሁሉም ብረቱን ይልጣሉ። የጠቆረው የነሐስ ገጽ በዕድሜ የመጣ መከላከያው ነው፤ ስትወለውሉት የፊደሎቹ ጠርዝ ይሟሽሻል፤ ያም አይመለስም። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ ይበቃል።

ልዩነቱን ግን እወቁ። ቡናማና ጥቁር ከሆነ ተዉት። አረንጓዴ ዱቄት ወይም ሰም የመሰለ ነገር ካበቀለ እርጥበት ገብቷል፤ ብዙ ጊዜም ምክንያቱ የተቀመጠበት ለስላሳ ላስቲክ ነው። ከላስቲኩ አውጡት፣ አረንጓዴውን በጥርስ መፋቂያ እንጨት ጫፍ ቀስ ብላችሁ አንሱ (በመርፌ አይደለም፣ ይቧጭራል)፣ ከዚያ በደረቅ ቦታ አኑሩት።

ሪባኑን ማጠብ ክልክል ነው፤ ሰማያዊው ቀለም ወደ ነጩ ይለቃል። መስኮት ትይዩ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሪባን ደግሞ በጥቂት ዓመት ይነጣል። ማሳየት ከፈለጋችሁ ፀሐይ የማያገኘው ግድግዳ ምረጡ፤ ከፍሬሙ መስተዋት ጋር እንዳይነካካም መሃል ላይ የ1 ሳንቲሜትር ያህል ክፍተት ይኑር። ሙጫና ስኮች በሜዳይ ጀርባ ላይ አይለጠፍም፤ ከካርቶኑ ጋር በጥጥ ክር ስፉት።

ፎቶዎቹን ላሚኔት እናስደርግ?

በዚህ ጉዳይ ሰፈር ሁሉ ያጠፋል፤ ለዚህ ነው ረዘም የምንለው። ላሚኔት በሙቀትና በሙጫ ፎቶውን ከላስቲክ ጋር ለዘላለም ያጣብቀዋል። ትንሽ እርጥበት ቀድሞ ከነበረ ውስጡ ይታፈንና ምስሉ ይቆሳስላል፤ አውጥቶ ማዳን አይቻልም። ገጹ የሚጣበቅ፣ ላስቲክ የሚገለጥበት አልበምም እንዲሁ ነው፤ ሙጫው ዓመት ሲሞላው ይቢጫና ፎቶውን ይዞ ይቀራል።

አስቀድሞ ላሚኔት የተደረገ ካለ ለመላጥ አትሞክሩ። እንዳለ ቅዱትና ተዉት።

ለመቅዳት ስካነር ከስልክ ይሻላል። ትንንሽ ፎቶዎችን (የመታወቂያ መጠን፣ 6 በ9) በ600 ዲፒአይ (የስካነሩ የጥራት መለኪያ)፣ ወረቀቶችን በ300 ዲፒአይ በቀለም ቅዱ። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ቢሆንም በቀለም ነው የሚቀዳው፤ የቡናው ጠብታና የማኅተሙ ወይን ጠጅ ማስረጃ ናቸው። ዋናውን በቲፍ (TIFF) ፋይል አስቀምጡ፣ ለዘመድ የምትልኩትን በጄፔግ (JPEG)። ጀርባውንም ቅዱ፤ ብዙ ጊዜ ስምና ቀን ያለው እዚያ ነው። በቴሌግራም ስትልኩ «ፋይል» የሚለውን ምረጡ፤ በፎቶ መልክ ከተላከ ይጨመቅና ማዕረጉ ትከሻ ላይ የማይነበብ ይሆናል።

ስካነር ከሌለ ፎቶውን ጠረጴዛ ላይ አንጥፋችሁ በመስኮት አጠገብ በጥላ ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ስልኩን ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ አንሱ። ፎቶ ቤት የምትወስዱ ከሆነ ሥራው እስኪያልቅ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ። «ነገ ኑ» ሲባል ስንት ዋና ፎቶ ቀርቷል!

ዋናውን ፎቶ በጠርዙ ያዙ፣ እጃችሁ የታጠበና የደረቀ ይሁን። ጀርባው ላይ መጻፍ ካስፈለገ በለስላሳ እርሳስ ሳትጫኑ ጻፉ፤ እስክሪብቶ ወደ ፊት ዘልቆ ይወጣል። በየመካከሉ ነጭ ወረቀት ወይም ታጥቦ ስታርቹ የወጣለት አቡጀዲ አድርጉ። ሣጥኑ ከመሬት ከፍ ይበል፣ ከማድ ቤትና ከውጭው ግድግዳ ይራቅ። ነፍታሊን ከፎቶና ከሪባን ጋር አይቀመጥም።

በኮምፒውተር ቀለም የሚቀባ ፕሮግራም ስንጠየቅ መልሳችን አንድ ነው፦ ለግድግዳ ይሁን፣ ለመዝገብ አይሁን። ፕሮግራሙ የሪባንንና የክፍለ ጦር ምልክትን ቀለም ፈጥሮ ነው የሚያስቀምጠው።

ፎቶው ላይ ትከሻው ላይ ያለው ምልክት ምንድነው?

ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጾች ጫፍ ለጫፍ የገጠሙበት ክብ ከሆነ የአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ምልክት ነው፤ በእውነተኛ ቀለሙ ቀይ ክብ ውስጥ ጥቁር ነው። ኮሪያ መነሣቱን ያጠናክራል፤ የትኛው ሻለቃ እንደሆነ ግን አይነግርም።

የደንብ ልብሱን ብል በላው።

አጣጥፋችሁ በላስቲክ ከረጢት አድርጋችሁ አየሩን አስወጡ፣ አፉን እሰሩ፣ በጥልቅ ማቀዝቀዣ (ፍሪዘር) ሁለት ሳምንት አስቀምጡ። ስታወጡት ከረጢቱን ሳትፈቱ አንድ ሙሉ ቀን ይቆይ፤ ቀድማችሁ ከፈታችሁ እርጥበቱ ልብሱ ላይ ይጤዛል። ሜዳይና የብረት ቁልፍ ካለበት ሊፈቱ የሚችሉትን አስቀድማችሁ ፍቱ። ከዚያ በኋላ ያለ ብረት ማንጠልጠያ፣ በሰፊ እንጨት ላይ፣ በአቡጀዲ ሸፍናችሁ ስቀሉ። ላውንደሪ አይሄድም።

አባባ በሕይወት አሉ። ታሪካቸውን እንዴት እንቅዳ?

ዛሬ ነገ አትበሉ። ጠዋት ይሻላል፤ ከቁርስ በኋላ፣ ከመድከማቸው በፊት። አንዱ ቁጭታ ከ40 እስከ 50 ደቂቃ ይበቃል፤ ሽማግሌው ደስ ብሏቸው ሊቀጥሉ ቢሉም በማግሥቱ መመለስ ይሻላል።

ስልኩን የአውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጋችሁ፣ ከአፋቸው ሁለት ስንዝር ያህል ርቀት፣ ታጥፎ በተነጠፈ ፎጣ ላይ አኑሩ። በባዶ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ የሲኒው ኮሽታ ሁሉ ይገባል። ቴሌቪዥን ይዘጋ፣ ቡናው ከቀረጻው በፊት ወይም በኋላ ይወቀጥ። የመጀመሪያውን አንድ ደቂቃ ቅዱና አዳምጡ፤ ሳታዳምጡ የቀዳችሁት አንድ ሰዓት ባዶ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። መግቢያው ላይ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተናጋሪውን ሙሉ ስምና ማዕረግ ተናገሩ፤ መቅዳታችሁንና ማን እንደሚሰማው ነግራችሁ ፈቃዳቸውን እዚያው ላይ አስቀሩ።

አጠራሩም ይታሰብበት። ቤት ውስጥ «አባባ» ወይም «ጋሼ» ቢባሉም፣ በቀረጻው «ሃምሳ አለቃ» ወይም «ሻምበል» ብላችሁ ብትጀምሩ ብዙዎቹ ቀና ብለው ይቀመጣሉ፤ አነጋገራቸውም ይለወጣል።

«ጦርነቱ እንዴት ነበር?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ የምታገኙት መልስ «እግዚአብሔር አወጣን» ነው። ትንንሹን ጠይቁ፦ ከየትኛው ጣቢያ ባቡር ተሳፈሩ? በመርከቡ ላይ ምን ተበላ? የመጀመሪያውን በረዶ ያዩት የት ነው? እግራችሁ ላይ ምን ታደርጉ ነበር? ጉድጓድ ውስጥ ከእርስዎ ጋር ማን ነበር፣ የማን ልጅ፣ የየት አገር ሰው? ደመወዙ ለቤተሰብ በማን በኩል ይደርስ ነበር? ሰው ስም ሲጠሩ የአባቱን ስምና አገሩን አስከትላችሁ ጠይቁ። ያለ አባት ስም «ተስፋዬ» ብቻ ቢመዘገብ የትም አያደርስም። ፎቶ ዘርግቶ ማውራት ከማንኛውም ጥያቄ ይበልጣል።

«ሰው ገድለዋል?» የሚል ጥያቄ አይጠየቅም፤ በተለይ በልጅ አንደበት። ራሳቸው ካነሡት አዳምጡ፣ አታቋርጡ። ከተንቀጠቀጡ፣ ዝም ካሉ፣ ሌሊት እንቅልፍ ካጡ አቁሙ። በቀጣዩ ቀን ስለ ልጅነታቸው ጠይቁ።

እማማንም ቅዱ። ዘማቹ የማያወራውን ሚስት ታውቀዋለች፤ ደብዳቤው በምን ያህል ጊዜ ይመጣ እንደነበር፣ ማን ያነብላት እንደነበር፣ ሲመለስ ምን ተለውጦ እንደመጣ።

ፋይሉን በዚያው ቀን በሦስት ቦታ አኑሩ፦ ስልኩ ላይ፣ ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ ዘንድ ወይም ጉግል ድራይቭ ላይ። የፋይሉ ስም «አዲስ ድምፅ 14» አይሁን፤ የዘማቹ ስም፣ ቀንና ተራ ቁጥር ይሁን።

በመቃብሩ ድንጋይ ላይ ምን ይጻፍ?

ማዕረግ፣ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ «የ2ኛ ቃኘው ሻለቃ» የሚል (ካረጋገጣችሁ ብቻ)፣ የዘመተበት ዓመት። «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» መኖሩን አትርሱ፤ ያለ እሱ ከአርባ ዓመት በኋላ የሚያነበው ሰው ግራ ይጋባል። ፊደሉ በቀለም የተቀባ ብቻ ከሆነ በጥቂት ክረምት ይለቃል፤ ተቆፍሮ ይጻፍ። ጠራቢው መዶሻ ከማንሳቱ በፊት በወረቀት ተጽፎ ሁለት የቤተሰብ ሰው ይፈርምበት።

ክርስቲያን ከሆነ የክርስትና ስሙን ለብቻው መዝግቡ። ለፍትሐትና ለሙት ዓመት ካህኑ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው፤ የጦሩ መዝገብ ላይ ያለው ደግሞ የዓለም ስሙ ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ ወረቀት ከሌለ ሁለት ሰው ይመስላል።

የዘማች ዘር ነን። የትምህርት ዕድልና ድጋፍ አለ ይባላል፤ እውነት ነው?

ከደቡብ ኮሪያ ለዘማቾችና ለዘሮቻቸው የሚደረጉ ድጋፎች አሉ፤ የትምህርት ዕድል፣ ዘማቾችን ኮሪያን እንዲጎበኙ መጋበዝም። ቅድመ ሁኔታው በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ የዘንድሮውን ከኮሪያ ኤምባሲ ወይም አዲስ አበባ ካለው የኮሪያ ዘማቾች ማኅበር ጠይቁ።

የሚያስቸግረው የዝምድና ማስረጃ ነው። ከዘማቹ እስከ አመልካቹ ያለው ሰንሰለት በየትውልዱ ወረቀት ይፈልጋል፦ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ካልሆነም የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ። ብዙ ጊዜ ሰንሰለቱ የሚበጠሰው በአንድ ፊደል ነው፤ በአንዱ ወረቀት «ኃይሉ»፣ በሌላው «ኃይሌ»። ማመልከቻው ከመከፈቱ በፊት ወራት ቀድማችሁ አስተካክሉ። ዋና ሰነድ ለማንም አትስጡ፤ ኮፒ አቅርቡ፣ ዋናውን አሳይታችሁ ይዛችሁ ተመለሱ። ገንዘብ ተቀብሎ «ስም ዝርዝር ውስጥ አስገባለሁ» የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ መልሱት።

የት ሄደን እናስባቸው?

አዲስ አበባ ውስጥ አፍንጮ በር አካባቢ የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ አለ። ኮሪያ ውስጥ በቹንቾን ከተማ በ1960 የተመረቀው ሐውልት ይገኛል፤ ሲመረቅ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተገኝተዋል፤ በአቅራቢያው በኋላ የተሠራ የመታሰቢያ አዳራሽ አለ። ዋሽንግተን ያላችሁ ወደ ኮሪያ ጦርነት መታሰቢያ ስትሄዱ የኢትዮጵያን ስም በሰሜን በኩል ባለው መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ከ22 አገሮች መካከል ታገኙታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2022 በተጨመረው ግድግዳ ላይ የተጻፉት የአሜሪካውያንና አብረዋቸው የተሰለፉ ኮሪያውያን ስሞች ናቸው፤ የአያታችሁን ስም እዚያ አትፈልጉ።

ሚያዝያ 27 የጣሊያንን ወረራ የተዋጉ አርበኞች ቀን ነው። የኮሪያ ዘማቾችን በዚያ ቀን ማንሳት ነውር የለውም፤ ቀኑ የእነሱ ነው ብሎ ማስተዋወቅ ግን ስሕተት ነው። ሰኔ 18 (ጦርነቱ የተጀመረበት) ወይም ሐምሌ 20 ይሻላል።

የአያቴን ሜዳይ ደረቴ ላይ ማድረግ እችላለሁ?

የራስ አስመስሎ ማድረግ አይገባም። በእንግሊዝና በአውስትራሊያ ዘመድ የሟችን ሜዳይ በቀኝ ደረት ያደርጋል፤ በግራ የሚያደርገው ያገኘው ሰው ብቻ ነው። እኛ ዘንድ የተጻፈ ደንብ ባይኖርም ይህን መከተል አያሳፍርም። ከፎቶው ጋር ይዞ መቆም ደግሞ ማንንም አያከራክርም።

ልጆቹ ውጭ ናቸው፣ ቤቱ ሊሸጥ ነው። ዕቃውን ለማን እንስጥ?

መጀመሪያ አትበትኑት። ሜዳዩ ለአንዱ፣ መታወቂያው ለሌላው፣ ፎቶው ለሦስተኛው ከሄደ ማንነቱን የሚያረጋግጠው ትስስር ይጠፋል። ለሰብሳቢ ከተሸጠም ያው ነው፤ ገበያ ላይ ስም የሌለው ሜዳይ ሆኖ ይቀራል። ለመካፈል ግድ ከሆነ አስቀድማችሁ ሁሉንም አንድ ላይ ፎቶ አንሡ፣ በዝርዝር ጻፉ፣ ዝርዝሩን ለሁሉም ስጡ።

ለተቋም ስትሰጡ፣ ወመዘክር ይሁን፣ በስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይሁን፣ ወይም የዘማቾቹ ማኅበር፣ ከማስረከባችሁ በፊት አራት ነገር በጽሑፍ ይያዝ፦ የዕቃው ዝርዝር በቁጥር፣ ስጦታ መሆኑ ወይስ አደራ፣ ቤተሰቡ ኮፒ የማግኘት መብቱ፣ የተቀባዩ ስምና ፊርማ ከማኅተም ጋር። ማኅተም የሌለው ደረሰኝ ከተሰጣችሁ ዕቃውን ይዛችሁ ተመለሱና ኃላፊው ባለበት ቀን ሂዱ።